ከትንሿ አልጋ ሥር

የጽድ ሽታ ገና ከበር ይቀበላል። ዋንዛ እንደዚያ አይደለም። በመላጊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልሄዱበት ሽታውን አይሰጥም፤ ሲሰጥም ቀስ ብሎ ነው፣ ሰው አጠገብ መጥቶ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ዘመድ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ ከአሮጌ በር የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ስልግ ያ ሽታ መጣና እጄ ቆመ። የልጅ ልጄ ረድኤት ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ የፕላስቲክ የአሻንጉሊት ቤት ልትገዛላት አስባ ነበር፤ ልጅቷ ግን “አባባ ይሥራልኝ” አለች። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አግዳሚ ወንበር። አያቷ አናጢ የሆነ ልጅ ይህን ብትጠይቅ አይፈረድባትም። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በላይ የአሻንጉሊት ዕቃ ሠርቼ አላውቅም። ለገዛ ልጆቼም አልሠራሁም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና “ለጎረቤት ልጅ ስትሠራ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለራስህ ልጆች ምነው እጅህ አጠረ?” ትለኝ ነበር። ለረድኤት እሺ ያልኩት ምናልባት ስላረጀሁ ነው። ሰው ሲያረጅ የሚፈራው ነገር ይቀንሳል።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ፣ በዝግባ ጥላ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ ነበር። እኔ ከጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል በአሥራ ሁለት ብር ተከራይቻለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ በስሙኒ ጠግበው የሚወጡበት ምግብ ቤት የነበረበት ጊዜ ነው። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ጫማችን ባለ ተረከዝ፣ ጠጉራችን ጎንበስ ካላልን በበር የማያሳልፈን። እኔ እንኳ ሰጋቱራ ለብሼ የምውል ሰው፣ እሑድ እሑድ ቡኒ ቤል ቦተሜን አስተኩሼ፣ ሸሚዜን እስከ ሁለተኛው ቁልፍ ከፍቼ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሬ እወጣ ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ቀኑን ሙሉ ካሴት ያስጮኻል። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ የካሴቱን አንድ ጎን፣ ማታ ስንመለስ ሌላውን ጎን እንሰማለን፤ ግጥሙን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ካሴቱን የገዛ ግን ከመካከላችን ማንም የለም። ዘመኑ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበትም ነበር። ስለዚያ ብዙ አልልም። ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ደግሞ አሁን የምነግረው ይበቃዋል።

በግቢው ፊት ለፊት ያለችውን ቤት የያዘችው እትዬ ጽጌ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ ባል የሌላት፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየረገጠች የምትውል ሴት ናት። ሕይወት የምትባል የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት። ሕይወት ብዙ የማትናገር፣ ከልጆች ጋር የማትሮጥ ልጅ ነበረች። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችላትን ሁለት አሻንጉሊቶች ይዛ በረንዳው ጥግ ትቀመጣለች፤ አንዷ ትንሽ፣ አንዷ ተለቅ ያለች። እኔ ከምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ስመለስ ቁርጥራጭ እንጨት ለማገዶ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ቀን ከዚያው ላይ አንዲት ትንሽ ወንበር ሠርቼ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፣ ወንበሯን ግራና ቀኝ እያገላበጠች አየቻትና መልሳ ሰጠችኝ።

“ወንበር አልነበረም፣” አለች። “መጀመሪያ አልጋ ነው።”

“እሺ፣ አልጋ እሠራልሻለሁ።”

“ራስጌው ላይ ሦስት ቅጠል አለ። መሃለኛው ጫፉ የለም።”

“ለምን አይኖረውም?”

“አላውቅም፣ የለም። ከሥሩ ደግሞ ሰው ይገባበታል።”

የልጅ ነገር ነው ብዬ ሳቅኩ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቤቱ ውስጥ አንድ ስንዝር የምትሆን አልጋ ጀመርኩ፤ ከዋንዛ ነበር፣ ለአንድ ባለሱቅ ጠረጴዛ ከሠራነው የተረፈ። እግሯን ከፍ አደረግኩ፣ ራስጌዋ ላይ በቀጭን መሮ ሦስት ቅጠል ቀረጽኩ፣ የመሃለኛውን ጫፍ እንደታዘዝኩት ቆረጥኩት። ሕይወት ስታያት ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትእዛዝ ይመጣልኝ ጀመር። ቁም ሳጥን፣ መስተዋቱ በግራ በሩ ላይ ብቻ፤ ቀኝ በሩ የማይከፈት። አግዳሚ ወንበር፣ መደገፊያ የሌለው፣ ከመስኮት ሥር የሚቀመጥ። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ሁለት ጣት ክፍተት። ሁለት ጣት የራሷ ጣት አይደለም፤ እጄን ይዛ በእኔ ጣት ነው የለካችው። ተሳስቼ አንድ ጣት ተኩል ካደረግኩት ዝም ብላ ትገፋውና ታስተካክለዋለች። ክፍሉን በጠመኔ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ሠርታዋለች፤ በር እዚህ፣ መስኮት እዚህ። ዝናብ ሲያጥበው በማግስቱ ጠመኔዋን ይዛ እንደገና ትሠራዋለች፤ አንድም ጊዜ በሩን ከቦታው አላነሳችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ስመለከት ትንሿ አሻንጉሊት አልጋው ላይ ተኝታለች። ትልቋ የለችም። ጎንበስ ስል ከአልጋው ሥር በሆዷ ተኝታ አየኋት፤ ፊቷ ወደ መስኮቱ።

“ይቺ ለምን ከሥር ተኛች?”

“አልተኛችም፣” አለች ሕይወት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ዝም በይ ተብላ ነው።”

“ማን ነው ዝም በይ ያላት?”

“እናቷ። እኔ ካልጠራሁሽ እንዳትወጪ ብላታለች። ሌላ ሰው ቢጠራት አትወጣም።”

“እናቷስ የት ናት?”

ሕይወት በጠመኔ የተሠራውን በር አየች። “እስካሁን አልጠራቻትም፣” አለች።

ከኋላችን የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ዞር ስል እትዬ ጽጌ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ጨርቁ ከእጇ ተንጠልጥሎ፣ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ታያለች። እንዲህ ያለ ዓይን በአንድ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። “ብርሃኑ፣” አለችኝ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትሠራላት።” ምክንያት አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም፣ የሰው ልጅ የሰው ናት ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ነገር ግን የቁም ሳጥኗ መስተዋት በዚያ ሰሞን ለቆ ነበር፤ ገና አላጣበቅኩላትም። ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ በማግስቱ ለማስተካከል አልጋዋን ጨምሬ ወደ ሥራ ቤቱ ይዣቸው ሄድኩ።

አለቃዬ ጋሽ ዓለሙ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ፣ ምድረ ጉለሌ ውስጥ አሉ ከሚባሉት አናጢዎች የቀደሙ ሰው ነበሩ። ኮላ ላሞቅ ምድጃው ጋ ሄጄ ስመለስ ትንሿን አልጋ በመዳፋቸው ይዘው፣ ደህናውን ዓይናቸውን ራስጌዋ ላይ ደቅነዋል።

“ይህን ማን አሳየህ?”

“ማንም። አንዲት ልጅ ሥራልኝ ብላኝ ነው።”

“ብርሃኑ፣ አትዋሽ። ይህን አልጋ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ። ለአንድ ወጣት አስተማሪ ሠርግ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ። የመሃለኛው ቅጠል ጫፍ መሮ ሲያመልጠኝ ተሰበረ። እንጨት መቀየር አልፈለግኩም፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሰጠሁት። ሙሽራውም አላየው፣ እኔም አልነገርኩት።” ቁም ሳጥኗን አነሱ። “ክፍላቸው ጠባብ ነበር። ቀኝ በሩ ግድግዳ ስለሚነካ የውሸት በር አደረግኩለት። መስተዋቱን በግራ።” አልጋዋን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “እነዚያ ልጆች ተወስደው ቀሩ ሲባል ሰምቻለሁ። ባልም ሚስትም። ይህን የምታውቅ ልጅ ማን ናት?”

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ወደ ቤት ስመለስ የእትዬ ጽጌ በር ተዘግቶ ነበር። በረንዳው ላይ ጠመኔው ታጥቧል፤ አግዳሚው ወንበርና አሻንጉሊቶቹ የሉም። ሦስት ቀን ሙሉ ከልጅቷ ድምፅ አልሰማሁም። በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እትዬ ጽጌ ራሷ መጥታ በሬን መታች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

“ና እስቲ፣” አለችኝ። “እኔ አልቻልኩም።”

ገብቼ ሳይ ክፍሉ ባዶ ነው። እትዬ ጽጌ በአገጯ አልጋዋን አሳየችኝ። ጎንበስ አልኩ። ሕይወት ከአልጋው ሥር በሆዷ ተኝታ፣ ሁለት እጇን ከአገጯ ሥር አድርጋ ወደ መስኮቱ ትመለከታለች። ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። “ከጠዋት ጀምሮ ነው፣” አለች እትዬ ጽጌ። “አሻንጉሊቶቹን ብደብቅባት ራሷ ገባች። ጠራኋት፣ ለመንኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‘አንቺ አይደለሽም የምትጠሪው’ አለችኝ።” ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። ሕይወት የወለደቻት አይደለችም። አንድ ማለዳ አንዲት ደንበኛዋ የሆነች ነርስ ገና ዓመት ያልሞላት፣ ድኽ እንኳ በቅጡ የማትል ሕፃን በጋቢ ጠቅልላ አመጣችላት። ወላጆቿ ተወስደዋል፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለ ቤት አልጋ ላይ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘኋት፤ ለጥቂት ቀን ያዢልኝ አለቻት። ነርሷ ብዙም ሳትቆይ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረች፣ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። ጥቂቱ ቀን አራት ዓመት ሆነ። “ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣” አለች። “ድክ ድክ ያለችው እዚህ ወለል ላይ ነው። ከዚያ ቤት አንድ ነገር አላየችም፣ አንድ ነገር አልነገርኳትም። ታዲያ ይህን ማን ነገራት?”

ጋሽ ዓለሙ ያሉትን ነገርኳት። ምን እያሰበች እንደሆነ ይታወቀኝ ነበር። ወደዚያ ቤት ከሄድን ዘመድ ሊገኝ ይችላል። ዘመድ ከተገኘ ልጅቷ ትሄዳለች። ካልሄድን ደግሞ ልጅቷ ከአልጋ ሥር ናት። እትዬ ጽጌ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ “ሕይወቴ፣ ልጠራልሽ እየሄድኩ ነው” አለቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ጊዜ እሷም እኔም አላወቅንም። ልጅቷ ግን ወዲያው ወጣች፣ ጉልበቷን አራገፈችና ምሳዋን በላች።

በማግስቱ ሕይወትን ጎረቤት ትተን፣ ጋሽ ዓለሙን ይዘን ሽሮ ሜዳ ወጣን። ያኔ ከዋናው መንገድ በላይ ሸማኔዎቹ በየጎጆአቸው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ሲሠሩ መወርወሪያው ከቤት ቤት ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ሱቆቹ ይበዛሉ፣ ድምፁ ግን አንሷል። ቤቱን ጋሽ ዓለሙ አልሳቱትም። በአንድ ሸማኔ እጅ ገብቶ የድርና ማግ መጋዘን ሆኗል። ሰውየው ደግ ነበር፤ ግቡ አለን። ዕቃው ሁሉ ከተወሰደ ቆይቷል፣ መስኮቱ እስከ ላይ በከረጢት ተደፍኗል፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። ፋኖስ አብርቶ ወለሉን አሳየን። ጣውላው ላይ የአልጋው አራት እግሮች የተቀመጡበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። የቁም ሳጥኑም አለ። ከመስኮቱ ሥር የአግዳሚው። ከኪሴ ሜትሬን አውጥቼ ተንበረከክኩ። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ያለውን ለካሁ፣ ከበሩ እስከ ራስጌው ያለውን ለካሁ፣ እንደገና ለካሁ። በረንዳችን ላይ የነበረው ሁሉ አሥር እጥፍ ሆኖ እዚያ አለ። አንዱም አልዛነፈም። አናጢ ነኝ፣ ልኬት አይዋሽም ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሜትሬን አጥፌ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በቤቱ ጎን በአንዲት ትንሽ ጎጆ የሚኖሩ እማሆይ ነበሩ። ቢጫ ቆባቸውን ደፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ ጽጌ ጉልበታቸውን ስማ ስለ ልጅቷ ወላጆች ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ አላውቅም አሉ። እትዬ ጽጌ “ሕፃኗ እኔ ዘንድ ናት፣ በሕይወት አለች” ስትላቸው መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ።

“ትልቋስ?” አሉ።

“የቷ ትልቋ?”

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ከመሬት አነሱ። “ሁለት ነበሩ፣ ልጄ። ሁለቱም ሴቶች። ትልቋ አራት ዓመት ይሆናት ነበር። በጠራራ ፀሐይ ነው የመጡት፣ በመኪና። ወላጆቹን ይዘው ሄዱ። አመሻሽ ላይ ነርሷ ገብታ ሕፃኗን አወጣች። ትልቋን ከእናቷ ጋር ወስደዋታል ብለን ነበር። በማግስቱ ማለዳ በመስኮቴ ሳይ በሩ ተከፈተና ብቻዋን ወጣች። ልብሷ በሙሉ አቧራ ነበር፣ ፊት ለፊቱ አቧራ። እዚያ መንገድ ላይ ቆመች። ልወጣ ብዬ እጄን ከመቀርቀሪያው ላይ አደረግኩ፣ አልወጣሁም። ፈራሁ። ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ አየቻት፣ ሸክሟን አወረደችና አናገረቻት። ከዚያ እጇን ይዛት ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጸልይ ያችን መቀርቀሪያ ነው የማየው።”

እትዬ ጽጌ ተነሥታ ጥቂት ርቃ ቆመች። ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ ስለነበር እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅኩት በትከሻዋ ነው። ነርሷ ሕፃኗን ስታነሳ፣ ትልቋ ከአልጋው ሥር ነበረች። ሰው ገብቶ፣ ስም ጠርቶ፣ እህቷን ይዞ ሲወጣ እያየች ዝም አለች። የጠራቻት እናቷ አይደለችማ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ከሁሉ አብልጬ አስታውሳቸዋለሁ። በየማለዳው እኔና እትዬ ጽጌ ሴቶቹ ከእንጦጦ በሚወርዱበት መታጠፊያ ላይ እንቆማለን። አሁን አሁን እነዚያ ሴቶች እምብዛም አይታዩም። ያን ጊዜ ጎህ ሲቀድ መንገዱ በባሕር ዛፍ ሸክም ይሸፈን ነበር፤ ሴቶቹ ከሸክሙ ሥር አይታዩም፣ ቅጠሉ ራሱ ቁልቁል የሚራመድ ይመስላል። ቆመው ማውራት አይችሉም፣ ሸክሙ አያስቆምም። ስለዚህ አብረናቸው ቁልቁል እየሮጥን እንጠይቃለን። አብዛኞቹ አያውቁም። አንዳንዶቹ ለምን እንደምንጠይቅ ስለማያውቁ አያምኑንም። በሁለተኛው ሳምንት ኀሙስ አንዲት አሮጊት ሳይቆሙ “የወለላ ልጅ ትሆናለች፣ ያቺ ዝምተኛዋ” አሉን።

እማማ ወለላ ከዳገቱ በላይ በጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ ወገባቸው በሸክም የጎበጠ፣ ጠጉራቸው ገና ያልሸበተ ሴት ነበሩ። ጉዳዩን ስንነግራቸው አልካዱም። “ማን እንደሆነች ብትነግረኝ መልሻት ነበር፣” አሉ። “ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ስሟን ስለማላውቅ ትዕግሥት አልኳት። አሁን ትናገራለች፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅኳት።” ከዚያ እትዬ ጽጌን ዓይን ዓይኗን እያዩ “ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?” አሏት።

“እኔም ልትወሰድብኝ ነው ብዬ ስፈራ የከረምኩ ሰው ነኝ፣” አለቻቸው እትዬ ጽጌ። “እሑድ ይዘዋት ይምጡ። ምሳ እንብላ።”

እሑድ መጡ። ትዕግሥት ስምንት ዓመት ሊሞላት የደረሰ፣ ቀጭን፣ የታጠበ ቀሚስ የለበሰች፣ ኮንጎ ጫማዋ የሰፋት ልጅ ነበረች። ለሕይወት ምንም አልነገርናትም፤ እንግዳ ይመጣል ብቻ ነው ያልናት። እኔና እትዬ ጽጌ ዕቃዎቹን መልሰንላት ስለነበር በረንዳው ላይ እንደ ወትሮው ተደርድረዋል። ትዕግሥት በግቢው በር ገባች፣ በረንዳውን አየች፣ ቆመች። አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ሕይወት ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። አልሮጠችም፣ አልደነገጠችም፤ ከሱቅ የዘገየ ሰው እንደሚቀበሉት እጇን ያዘቻት።

“እናትሽ ውጪ ብላለች፣” አለቻት።

ትዕግሥት እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እማማ ወለላ አራት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ አይተዋት አያውቁም ነበር። ሕይወት አጠገቧ ቆማ ራሷን ትዳብሳለች። ምሳው ቀዝቅዞ ነው የተበላው።

ሁለቱ እናቶች ልጆቹን አልተካፈሉም። ወሩ ሳያልቅ በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተለቀቀችና እማማ ወለላ ገቡባት፤ እንጨት መሸከም ትተው ለሸማኔዎቹ ጥጥ መፍተል ጀመሩ። እትዬ ጽጌ ትሰፋለች፣ እሳቸው ይፈትላሉ፣ ልጆቹ በአንዱ ቤት በልተው በሌላው ይተኛሉ። ወላጆቹን ብዙ ቦታ ጠየቅን፤ የነበረው መልስ አንድ ነው፣ እሱም ዝምታ ነበር። ትዕግሥት ቀስ በቀስ መናገር ጀመረች። ከአልጋው ሥር ሆና ያየችውን፣ የሰማችውን ጫማ፣ እናቷ በችኮላ ጎንበስ ብላ ያለቻትን። እህቷ ግን ያን ጊዜ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። ከአልጋ ላይ ሥሩ አይታይም። ይህን ያልኳት እኔ አይደለሁም፤ ትዕግሥት ራሷ ናት እየደጋገመች “አላየችኝም እኮ” የምትለው።

ሕይወት ከዚያ እሑድ በኋላ ዕቃዎቹን አልነካቻቸውም። ከልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች፣ ትጮኻለች፣ ጉልበቷን ተልጣ ትመጣለች። ሁለት ወር ያህል ቆይቼ፣ ሲከነክነኝ፣ “ሕይወት፣ አልጋዋን ከሥሯ ሰው እንዲገባባት አድርገህ ሥራ ያልሽኝ ለምን ነበር?” ብዬ ጠየቅኳት።

“የቷን አልጋ?” አለችኝ።

ከበረንዳው ጥግ አንስቼ አሳየኋት። በጨዋነት ተቀበለችኝ፣ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። “ታምራለች፣” አለች። “ለማን ናት?” እየቀለደች አልነበረም። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ እንደ ታጠበ ሲሚንቶ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም። ከግቢው ስወጣ ዕቃዎቹን እትዬ ጽጌ በካርቶን አድርጋ ሰጠችኝ፣ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ስዘዋወር ጠፉ።

ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ስንቱ ነገር መጣና ሄደ። ጋሽ ዓለሙም እማሆይም አለፉ። እማማ ወለላና እትዬ ጽጌ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ሁለቱን እህቶች አቅፌ ተለያየን። ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ በስልክ እንጠያየቃለን። ትዕግሥት አስተማሪ ሆናለች፣ ሕይወት ባንክ ትሠራለች፤ ሁለቱም ልጆች አድርሰዋል።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ፣ እጄ በዋንዛው ሽታ ቆሞ ሳለ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሁለቱ ናቸው። ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም። ረድኤት ሻይ አመጣችልን፣ ጣውላዎቼን ገለል አድርጌ በርጩማ ሰጠኋቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ቤት ከአካባቢው ጋር ፈርሷል፤ ሄደው አይተውት ድንጋይ እንኳ አላገኙም።

“ጋሼ፣” አለች ሕይወት፣ “ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር እንዲነግሩን ነው የመጣነው። ትዕግሥት የምታስታውሰው ከአልጋው ሥር የሚታየውን ብቻ ነው። እኔ ምንም የለኝም። እርስዎ ግን በእጅዎ ሠርተውታል ትለኛለች።”

ነገርኳቸው። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ አልጋው፣ የተሰበረው ቅጠል፣ የቁም ሳጥኑ የውሸት በር። ሳወራ ቀለለኝ፤ አጠገቤ ያለ ቤት የማሳያቸው መሰለኝ። አግዳሚው ከመስኮቱ ሥር እንደነበር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ እንደምትገባ፣ በአረንጓዴው መጋረጃ ውስጥ አልፋ ወለሉን አረንጓዴ እንደምታደርገው፤ የመጋረጃው ታችኛው ጫፍ በካውያ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኖ እንደነበር ነገርኳቸው።

ትዕግሥት ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

“መጋረጃውን ማን ነገረዎት?”

ቤቱን ባየሁበት ቀን መስኮቱ በከረጢት ተደፍኖ ነበር። መጋረጃ አልነበረም። ሕይወትም መጋረጃ ሥራልኝ ብላኝ አታውቅም።

“ያንን የተቃጠለ ቦታ ስመለከት ነው ያደርኩት፣” አለች ትዕግሥት። “ከሥር ሆኖ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለእሷም።”

ረድኤት ከአንዱ ወደ አንዱ ታየናለች። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ሕይወትን ለቆ ወዴት እንደሄደ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ በገዛ ልጆቼ ፊት አንዲት የአሻንጉሊት ወንበር መሥራት ያስፈራኝ ለምን እንደነበርም።

ሕይወት በርጩማዋን ወደ እኔ አስጠጋች። አልፈራችም። የአምስት ዓመቷን ሕፃን ፊት በዚያች ሴት ፊት ላይ አየሁት፤ በትዕግሥት የሚጠብቀውን።

“ይቀጥሉ፣ ጋሼ፣” አለችኝ። “እናታችን የት ጋ ነበረች? ምን ለብሳ ነበር?”

መላጊያውን አስቀመጥኩና ነገርኳት።